አጭር ልምምድ፣ ረጅም ስንኝ፦ በክላሲክ ተውኔት ለሚተዳደር የመድረክ ተዋናይ የሥራ መመሪያ

በየክፍለ ሀገሩ ቲያትር ቤቶች እየተዘዋወረ የሼክስፒርን፣ የሶፎክልስን ወይም የሞሊየርን ተውኔቶች በመጫወት የሚተዳደር ተዋናይ ከሁሉም በላይ የሚያጥረው የልምምድ ቀን ነው። እነዚህ ቲያትር ቤቶች አንድን ተውኔት ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መክፈቻው ምሽት ለማድረስ በአብዛኛው የሚመድቡት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲሆን፣ ከዚያም ላይ የመጨረሻዎቹ ቀናት መብራት፣ ድምፅና አልባሳት ለሚገጣጠሙበት ሥራ ስለሚውሉ ተዋናዩ ስለ ገጸ ባሕርዩ የሚያስብበት ፋታ አያገኝም። ሐምሌትን የሚጫወት ሰው ተውኔቱ ሳይቆረጥ ከቀረበ ወደ 1,500 የሚጠጉ መስመሮችን መናገር አለበት። ይህን ሁሉ በልምምድ ክፍል ውስጥ አጠናዋለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው በመክፈቻው ምሽት ተመልካቹ ፊት የሚታየው ቃሉን ሲፈልግ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ሚናው ከተሰጠበት ቀን እስከ መጀመሪያው ንባብ ድረስ ላለው ጊዜ ነው፤ ክፍያ የማይታሰብበት፣ ማንም የማያየው፣ ሆኖም ከሥራው የሚበዛው የሚሠራበት ጊዜ እርሱ ነውና።

ጽሑፉ ከየት እንደመጣ ይወቁ

ሚናው እንደተሰጠዎ በቅድሚያ በልምምድ ላይ የሚውለው የትኛው ኅትመት እንደሆነ አዘጋጁን ወይም የመድረክ አስተዳዳሪውን ይጠይቁ። ጥያቄው የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሚናውን ከሥሩ ሊለውጠው ይችላል። ሐምሌት እ.ኤ.አ. በ1603፣ በ1604 እና በ1623 በታተሙ ሦስት ጽሑፎች የደረሰን ሲሆን፣ ሦስቱም በርዝመትና በቃል ይለያያሉ። ልዑሉ በመጀመሪያው መነባንቡ «ምነው በቀለጠ» የሚለው ሥጋው በ1623ቱ ኅትመት «ጠጣር» ነው። ቀደም ባሉት በሁለቱ ግን በዚያ ቦታ ያለው ቃል «የተጠቃ» ወደሚል ትርጉም የሚያዘነብል ነው፤ በርካታ አርታኢዎች ደግሞ ይህንኑ ቃል አቃንተው «የጎደፈ» ብለው ያነቡታል። ጠጣር ሥጋ ያለው ሐምሌት ከአካሉ መውጣት የሚመኝ ሰው ነው፤ የጎደፈ ሥጋ ያለው ሐምሌት ግን በእናቱ ጋብቻ ምክንያት ራሱም እንደቆሸሸ የሚሰማው ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች በመድረክ ላይ አንድ ዓይነት አቋቋም ሊኖራቸው አይችልም። ማክቤዝን የሚሠራ ተዋናይ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አይገጥመውም፤ ያ ተውኔት በ1623ቱ መድበል ውስጥ ካሉት 36 ተውኔቶች መካከል ከዚያ በፊት ታትመው ከማያውቁት ከ18ቱ አንዱ በመሆኑ የጥንት ምስክሩ አንድ ብቻ ነው።

በትርጉም የሚሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ትርጉሞችን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የእርስዎን ሚና ብቻ መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። ተርጓሚዎቹ የተለያዩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ጽሑፍ ሁለት ትርጉም የሚያዝልበት ቦታ ነው፤ እርስዎም በድምፅዎ መወሰን የሚኖርብዎ እዚያ ላይ ነው።

አዘጋጁ አሳጥሮ የላከልዎትን ቅጂ ሲቀበሉ የተቆረጠውን ክፍል አይርሱት። ከአፍዎ የወጣ መስመር ስለ ገጸ ባሕርይዎ የሚናገረው ነገር ከሰውየው ሕይወት አይወጣም። በሌላ በኩል፣ የተቆረጠ መስመር እንዲመለስ በመጀመሪያው የንባብ ቀን መሟገት እኔ ካየኋቸው የልምምድ ክፍል ልማዶች ሁሉ ጊዜ የሚያባክነው ነው፤ ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ ከንባቡ በፊት በጽሑፍ ይላኩት።

ስንኙ የሚሰጥዎትን ምልክት ያንብቡ

የአማርኛ ግጥም አንባቢ ስንኝን የሚለየው በምጣኔውና ቤት በመምታቱ ነው። የሼክስፒር ዋነኛ ስንኝ ግን ቤት አይመታም፤ ልኩ አሥር ቀለም ሲሆን፣ የላላና የጠበቀ ድምፅ እየተፈራረቀ አምስት ጊዜ ይመታል። ተዋናዩን የሚጠቅመው ግን ልኩን ማወቁ ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ልኩ የሚፈርስበትን ቦታ መለየቱ ነው። ስለ መሆንና አለመሆን የሚጠይቀው ዝነኛ መስመር በእንግሊዝኛው አሥራ አንድ ቀለም አለው፤ የመጨረሻዋ ትርፍ ቀለም የላላች ስለሆነች መስመሩ እንደ ተቆለፈ በር አይዘጋም፣ ገርበብ ብሎ ይቀራል። በዚህ ዓይነት መስመር መጨረሻ ላይ ነጥብ ያስቀመጠ የሚመስል ድምፅ ማሰማት ከጽሑፉ ጋር መጣላት ነው።

ይህን ለመለማመድ ስንኙን እየተራመዱ፣ ምቱን በእግርዎ እየረገጡ ለጥቂት ቀናት ያንብቡት። ከዚያ በኋላ መርገጡን ይተዉት። ምጣኔው በውስጥዎ ከሰረጸ ንግግሩን ይሸከመዋል፤ ተመልካቹ ሲቆጥሩ ከሰማዎት ግን የትምህርት ቤት ንባብ ሆኗል።

አንድ ስንኝ ለሁለት ሰዎች የሚከፈልበት ቦታ ሌላው ምልክት ነው። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ሲወርድ ከሚስቱ ጋር የሚለዋወጧቸው ቃላት፣ «አልተናገርክም?»፣ «መቼ?»፣ «አሁን»፣ «ስወርድ?» የሚሉት፣ በዋናው ጽሑፍ አንድ ላይ ሲደመሩ የአንድ ስንኝ ያህል ናቸው። ወጣት ተዋንያን ፍርሃቱን ለማሳየት በእያንዳንዱ ቃል መካከል ረጅም ዝምታ ያስገባሉ። ስንኙን እንደተከፋፈለ አንድ መስመር ለሚያነብ ተዋናይ ግን ጽሑፉ የሚያዘው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል ሳይረግጥ፣ ነገር ግን ምቱ ሳይሰበር መቀባበል አለባቸው። ፍርሃቱ ያለው በፍጥነቱ ውስጥ ነው። ለዝምታ የሚሆን ቦታ ከፈለጉ ሳይሞላ በቀረ አጭር መስመር ላይ ይፈልጉት።

ከስንኝ ወደ ዝርው፣ ማለትም ምጣኔ ወደሌለው ተራ ንግግር፣ የሚዞርበት ቦታም በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ጁሊየስ ቄሳር በተባለው ተውኔት ብሩተስ የቄሳርን ግድያ ለሕዝቡ የሚያስረዳው በዝርው ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚነሣው አንቶኒ ግን በስንኝ ይናገራል፣ ሕዝቡንም ይወስዳል። ብሩተስን የሚጫወት ሰው ንግግሩን በስሜት ለማሞቅ ከሞከረ ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል፤ ሚዛኑን የጠበቀው፣ ከአእምሮ ብቻ የወጣው ንግግሩ ለሽንፈቱ ምክንያት መሆን አለበትና። በኦቴሎ ደግሞ እስከ አራተኛው ገቢር በተዋበ ስንኝ ሲናገር የኖረው ጄኔራል ቅናቱ አእምሮውን በሚያናውጥበት ቅጽበት ስንኙ ይበታተንበትና ወደ ተቆራረጠ ዝርው ይወርዳል፣ ወዲያውም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ለዚህ ትዕይንት የሚሆነው ዝግጅት የሚጀምረው ከአንደኛው ገቢር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ስንኙን በግርማ ያልተናገረ ኦቴሎ በኋላ የሚፈርስበት ነገር የለውም።

የአማርኛ ተናጋሪ ከሌላው ቀድሞ የሚረዳው አንድ ጉዳይም አለ፤ እርሱም አንቱታ ነው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ገና ተለያይተው ይነገሩ ስለነበር ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትርጉም ነበረው። በሐምሌት ንግሥት ገርትሩድ ልጇን ስትቆጣ በ«አንተ» አባትህን እጅግ አስቀይመኸዋል ትለዋለች፤ እርሱም በ«እርስዎ» አባቴን እጅግ አስቀይመዋቸዋል ብሎ ይመልስላታል። በዚያ አንቱታ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከማንኛውም ጩኸት የበለጠ ይወጋል። በዛሬው እንግሊዝኛ የሚሠራ ተዋናይ ይህን ልዩነት በጥናት ነው የሚያገኘው፤ እርስዎ ግን በጆሮዎ ያውቁታል። ስለዚህ ጽሑፍዎን ይዘው እያንዳንዱን «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» በእርሳስ ያስምሩበት፤ የሚለዋወጥበት መስመር ሁሉ በሁለቱ ሰዎች መካከል አንድ ነገር የተከሰተበት መስመር ነው።

ሌሎቹ ክላሲኮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በግሪክ ትራጄዲ ሞትና ግድያ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረክ ውጭ ስለሚፈጸም ከባዱ ሸክም የመልእክተኛው ነው፤ ያ ሚና ስምም የለውም፣ ነገር ግን የተውኔቱን ትልቁን ድርጊት በቃል ብቻ ለተመልካች ማሳየት ያለበት እርሱ ነው። መልእክተኛን ሲጫወቱ ለቅሶውን ያዘግዩት፤ አስቀድሞ ያለቀሰ ተራኪ ያየውን ነገር በዓይነ ኅሊናችን እንድናየው አያስችለንም። በእነዚሁ ተውኔቶች ሁለት ሰዎች መስመር በመስመር የሚከራከሩበት ክፍል ሲመጣ ደግሞ መልስዎ ከባላጋራዎ ቃል ላይ ተነጥቆ የሚመለስ መሆን አለበት። ሞሊየር ታርቱፍን የጻፈው አሥራ ሁለት ቀለም ባለው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት በሚመታ ስንኝ ነው፤ ቤቱን ለመደበቅ መሞከር ኮሜዲውን ያደክመዋል፣ ቤቱን መደብደብ ደግሞ ያሰለቻል። ሁለተኛው ቤት የሚመታ ቃል ለገጸ ባሕርዩ ያኔውኑ የመጣለት ሐሳብ ሲመስል ሳቁ ራሱ ይመጣል።

ቃል ማጥናት

ቃሉን ያለ ስሜትና ያለ ዜማ ያጥኑት። በቤትዎ በአንድ ዓይነት ድምፅ ቀርጸው ያጠኑትን መስመር በልምምድ ክፍል ማስለወጥ እንደ አዲስ ከማጥናት ይከብዳል፤ አዘጋጁም ሆነ ባልደረባዎ ያልጠበቁትን ነገር ሲያመጡ ያ ዜማ መልስ እንዳይሰጡ ያስርዎታል። በሼክስፒር ዘመን ተዋናይ ሙሉውን ተውኔት አይቀበልም ነበር፤ የሚሰጠው የራሱ መስመሮችና ከእያንዳንዱ በፊት የሚሰማቸው ጥቂት የጥሪ ቃላት የተጻፉበት ጥቅል ወረቀት ነበር። ኤድዋርድ አሌን የተባለው ተዋናይ ይጠቀምበት የነበረ እንዲህ ያለ ጥቅል እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ከዚህ የምንማረው፣ ከራስዎ መስመር እኩል የሚያስነሣዎትን የሌላውን ሰው ቃል ማጥናት እንደሚገባ ነው። በመድረክ ላይ ቃል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ተዋናዩ መስመሩን ስላላወቀ ሳይሆን መቼና ለምን እንደሚናገረው ስላላሰረው ነው።

መስመሩን በሐሳብ ይከፋፍሉት። እያንዳንዱን ሐሳብ በራስዎ የዕለት ቋንቋ አንድ ጊዜ ይናገሩትና ወዲያው ወደ ደራሲው ቃል ይመለሱ፤ ከዚያም እቃ እያጠቡ ወይም ደረጃ እየወጡ ይድገሙት። ቁጭ ብለው ብቻ የተጠና ቃል ተነሥተው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ይበተናል።

ድምፅ፣ አካልና የመድረኩ ቅርጽ

ረጅም ስንኝ የትንፋሽ ሥራ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አዎንታና አሉታው የሚለየውም እዚያው ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚጫወት ተዋናይ በመስመሩ መጨረሻ ድምፁን ከጣለ ተመልካቹ ማን፣ ምንና የት የሚለውን ሰምቶ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ሳይሰማ ይቀራል። መድኃኒቱ መጮህ አይደለም። ሐሳቡ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ አውቆ ትንፋሽን እስከዚያ ማድረስ ነው፤ በጽሑፍዎ ላይ መተንፈሻ ቦታዎችን ምልክት ያድርጉ፣ በሐሳብ መካከል የሚያስተነፍስዎት መስመር ካለም በየዕለቱ ያስረዝሙት።

ድምፅዎ ከሻከረ ዕረፍት ይስጡት። ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም፣ የድምፅ አውታሮችን ሊያደክም ይችላል። ጉሮሮን የሚያደነዝዝ ከረሜላ መጥጦ ትዕይንት መጫወትም አደገኛ ነው፤ ሕመሙ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ እርሱን አጥፍቶ መጮህ ጉዳቱን ያባብሳል። ሻካራነቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጉሮሮ ሐኪም ይሂዱ።

ቲያትር ቤቱን ሳያዩ ሚናዎን አይጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1953 በካናዳዋ ስትራትፎርድ አዘጋጁ ታይሮን ገትሪና የመድረክ ንድፍ ሠሪዋ ታንያ ሞይሴይዊች ተመልካቹ በሦስት ወገን የሚከብበውን መድረክ ለዘመናዊው ክላሲክ ቲያትር አስተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሐምሌት የተከፈተው የሚኒያፖሊሱ ገትሪ ቲያትርም ይህንኑ ቅርጽ ወሰደ። የዋሽንግተኑ አሪና ስቴጅ ደግሞ በአራቱም ወገን ተመልካች ያለው መድረክ አለው። በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ጀርባዎን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ በአንድ ቦታ ተተክሎ ፊት ለፊት መናገር አይሠራም። ከባልደረባዎ ጋር በሰያፍ ይቁሙ፣ በሐሳብ መለወጫ ላይ ጥቂት ይዙሩ፣ ጀርባዎም እንዲናገር ይለማመዱት። እንደ ኦሪገኑ የሼክስፒር ፌስቲቫል፣ እ.ኤ.አ. በ1935 እንደተጀመረው ማለቴ ነው፣ ጣሪያ የሌለው መድረክ ከገጠመዎ ደግሞ ነፋስና የምሽት ቅዝቃዜ ድምፅ እንደሚበላ ያስቡ፤ እዚያ የሚያድንዎ ከድምፅ መጠን ይልቅ የተነባቢዎች ጥራት ነው።

ሥራውን ማግኘትና ደግሞ መጠራት

ለክላሲክ ቲያትር ኦዲሽን የሚጠየቀው በአብዛኛው ሁለት ተቃራኒ መነባንቦች ሲሆኑ፣ አንዱ በስንኝ የተጻፈ ይሆናል። ለሁለቱም የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በዕድሜዎ ሊሰጥዎት የሚችል ሚና ይምረጡ፤ የ25 ዓመት ወጣት ንጉሥ ሊርን ይዞ ሲመጣ ፈታኞቹ የሚማሩት ነገር የለም። መነባንቡ ከአንድ ሐሳብ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ ይሁን፣ አንድ ሰው ፊትዎ እንደቆመ አድርገው ይናገሩት፤ ፈታኙን ራሱን ግን በዓይንዎ አይያዙት።

ውሉን ሲፈርሙ ከሳምንታዊው ክፍያ እኩል የሚከተሉትን ያጣሩ፦ መኖሪያ የሚሰጠው ማን ነው፣ የጉዞ ወጪስ፣ ለሌላ ሚና ተተኪ ሆነው እንዲያጠኑ ይጠበቅብዎታል ወይ፣ በአንድ የትርኢት ወቅት ስንት ተውኔት ይጫወታሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የመድረክ ተዋንያን ማኅበር አባል የሆነ ሰው ከማኅበሩ ውል ውጭ መሥራት ስለማይፈቀድለት፣ ገና ጥቂት ሚና የሠራ ወጣት ለአባልነት ባይቸኩል ይሻለዋል የሚል አስተያየት አለኝ፤ ልምድ የሚያገኝባቸው ትንንሽ ቡድኖች ይዘጉበታልና። በሁለት ሥራዎች መካከል ያለው ክፍት ወር የሙያው አካል ነው እንጂ የመውደቅ ምልክት አይደለም። ንግግር ማስተማርና መጻሕፍትን ለድምፅ ቅጂ ማንበብ ከሌላው የጎን ሥራ የሚመረጡት መሣሪያዎን ሳያዝጉ ስለሚያኖሩዎት ነው።

ዳግም የሚያስጠራው ነገር ብዙ ጊዜ ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። አዘጋጆች እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ የሚጠያየቁትም ሰውየው በሰዓቱ ይመጣል ወይ፣ ማስተካከያ ሲሰጠው ይቀበላል ወይ፣ ትንሽ ሚና ሲሰጠው ያኮርፋል ወይ የሚለውን ነው።

ተውኔቱ ከተከፈተ በኋላ

የሰይፍ ግጥሚያ ያለበት ተውኔት ከሆነ ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ግጥሚያውን በቀስታ መድገም ግዴታ ነው፤ አርባኛው ትርኢት ቢሆንም። በፍጥነት ላይ የራስዎን ማሻሻያ አይጨምሩ። ተተኪ ከሆኑ ደግሞ መጋረጃው ጎን ቆመው የዋናውን ተዋናይ እርምጃ በወረቀት ላይ ይሳሉ፤ በድንገት ሲጠሩ ባልደረቦችዎ ከእርስዎ የሚፈልጉት አዲስ አተረጓጎም ሳይሆን በተለመደው ቦታ መገኘትዎን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ተውኔቶችን እያፈራረቀ በሚያሳይ ቤት የሚሠሩ ከሆነ ጠዋት ላይ የዚያን ምሽት ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሙሉውን በፍጥነት ይናገሩት፤ አንዱ ተውኔት የሌላውን ስንኝ ይሰርቃል።

ትርኢቱ እየሰነበተ ሲሄድ ሳቅ ያስገኘች ቆምታ ቀስ በቀስ ትረዝማለች፣ እንባ ያመጣ መስመርም ይጎተታል። የመድረክ አስተዳዳሪው በየምሽቱ የትርኢቱን ርዝማኔ ስለሚመዘግብ ቁጥሩን በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠይቁት፤ አምስት ደቂቃ ጨምሮ ካገኙት ከራስዎ ሚና ጀምረው ይፈትሹ።

የመጨረሻው ትርኢት ሲያበቃ የመልበሻ ክፍሉን ከመልቀቅዎ በፊት ጽሑፍዎን ይዘው ቁጭ ይበሉና ያልተፈታልዎትን መስመር፣ ዘግይቶ የገባዎትን ሐሳብ፣ ባልደረባዎ ያደረገውንና እርስዎ ያላሰቡትን ነገር በኅዳጉ ላይ ይጻፉት። የክላሲክ ተዋናይ ወደ አንድ ተውኔት ደጋግሞ ይመለሳልና፤ ዛሬ በሐምሌት ላየርቲስን የተጫወተ ሰው ከዓመታት በኋላ ቀላውዴዎስን፣ ከዚያም ፖሎኒየስን ሊጫወት ይችላል፣ በትንሽ ቡድን ከሆነ ደግሞ ፖሎኒየስ ከሞተ በኋላ መቃብር ቆፋሪ ሆኖ መመለሱ የተለመደ ነው። ያኔ በእርሳስ የተጻፈው ያ ኅዳግ ከመጀመሪያው ንባብ በፊት የሚያነቡት የመጀመሪያው ነገር ይሆናል።